ወፍ ጎጆ ሳትወጣ

ባለፈው ወር ላሊበላ ደርሼ የአባቴን ቤት ደረጃ ስወጣ፣ ገና በረንዳውን በቅጡ ሳልረግጥ አንድ ሽታ ተቀበለኝ። የደረቀ ሣር፣ ፀሐይ የመታው የጥድ ሳንቃና የርግብ ኩስ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይይዝ ነበር። እኔ ግን እግሬ አላርፍ አለኝ። ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ መመላለስ ጀመርኩ። ቤቱን የሚጠብቀው የአጎቴ ልጅ በርጩማ አቅርቦልኝ ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልቀመጥ ስለው፣

«ምነው፣ እባብ አየሽ እንዴ?» አለኝ።

«እኔ እዚህ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አላውቅም» አልኩት።

ውሸቴን ነው። አንድ ጊዜ ተቀምጫለሁ። የማወራችሁም ያ አንድ ጊዜ እንዴት እንደመጣ ነው።

ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ስሜ ትርንጎ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም። ቅብጥብጥ ነበር የምባለው። በቁሜ ነው የምበላው፤ እንቅልፍ ከወሰደኝ በኋላም እግሬ ይራገጣል እያሉ ያሙኛል። መምህሬ አንድ ቀን አባቴን አስጠርተው፣ «አናጢ አይደሉ? እባክዎ ይቺን ልጅ ወንበሯ ላይ በምስማር ይምቱልኝ» ብለውታል። አባቴ ሲስቅ ውሎ ማታ ለእትዬ ነገራት። እትዬ ግን አልሳቀችም። «ተዋት፤ የመቀመጫው ጊዜ ይመጣባታል» አለች።

እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እናታችን እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስላረፈች፣ እኔንና ታላቅ እህቴን ስንዱን ያሳደገችን እሷ ናት። ማንጠግቦሽ የሚባል ስም አላት፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን እትዬ ነው የሚላት። ምላሷ ስለት ነው። ገነተ ማርያም አካባቢ ተድራ፣ ከባሏ ቤት በእግሯ ጠፍታ እንደመጣች ሲወራ እሰማ ነበር። ስለ ሰውየው የሚጠይቃት ካለ መልሷ አንድ ነው፤ «ምኑን አውቄው? ወገቡ ጋ ነበርኩ» ትልና ወሬ ትቀይራለች።

እኔ ታዲያ ይሄን ይዤ ስጨነቅ እኖር ነበር። እትዬ ከሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ረጅም ናት። የእሷ አናት ወገቡ ጋ ከደረሰ ሰውየው በየትኛው በር ይገባ ነበር? አልጋውስ? አንድ ቀን አባቴን «ለእትዬ ባል የሚሆን አልጋ መሥራት ትችላለህ?» ብዬው፣ «ሂጂ ወዲያ፣ ሥራ አታስፈቺኝ» ብሎኛል።

ቤታችን የድንጋይ ደርብ ነው። ከታች የአባቴ ሥራ ቤት ነው፤ መጋዙ ሲጮህና ሰጋቱራው ሲበን ይውላል። ከላይ እኛ ነን። በረንዳውን አባቴ ራሱ ነው የሠራው። ከመደገፊያው ወዲያ ቁልቁል ነው፤ ምራቅ ብትተፉ የት እንደወደቀ አታዩም።

በዚያ ዓመት የገና ተሳላሚዎች እንደወትሮው በረንዳችን ላይ ሣር ጎዝጉዘው አደሩ፤ በዓሉ አልፎ ወደየአገራቸው ተመለሱ። እትዬ «ነገ ይጠረጋል» እያለች ሣሩን ሁለት ሦስት ቀን ስታቆየው አንዲት ርግብ ቀደመችን። ቤተ ክርስቲያኑ ገደል ላይ በመንጋ ከሚያድሩት ናት፤ አመድማ፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ ሻሽ ጣል ያደረገች። ከተሳላሚዎቹ ጉዝጓዝ አንድ አንድ ሰበዝ እየመረጠች፣ ጣሪያው ስር ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠች። ሰባት ስምንት ጭራሮ ሲሆን በቃኝ አለችና ተኛችበት።

እትዬ አንጋጣ አየቻትና፣ «ኤዲያ! ይቺ ደግሞ ምን ባልትና አላት? ይሄ ጎጆ ነው? እንቁላሉ በስንጥቁ ቢወርድ አይፈረድበትም» አለች።

ጎጆ የሚለውን ቃል የሰማሁት በዚያው ሰሞን ሁለተኛ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ስለ ስንዱ ነበር። የኩልመስኩ እህል ነጋዴ አያ ሙላት ለልጃቸው ስንዱን አስጠይቀው፣ አባቴ እሺ ብሎ፣ ቀን ተቆርጦ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ሠርግ ነው። ጎረቤት ሁሉ «እሰይ፣ ስንዱ ጎጆ ልትወጣ ነው!» ይላል። እኔ ርግቧን አየሁ፤ ሰባት ስምንት ጭራሮዋን አየሁ፤ ከመደገፊያው ወዲያ ያለውን ቁልቁል አየሁ። ጎጆ መውጣት ማለት ከጫፍ ላይ መዝለል ነው ብዬ ደመደምኩ። ወፍ ክንፍ አላት። ስንዱ ምን አላት? ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንዱ መደገፊያው ላይ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ፣ እየሮጥኩ ቀሚሷን ከኋላ ጨምድጄ እይዝ ነበር።

«ልቀቂኝ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?» ትለኛለች።

ስንዱ አስረኛ ክፍል ነበረች። ግንቦት ላይ ማትሪክ ትፈተናለች። ጠዋት ጠዋት ደብተሯን ይዛ በረንዳው ላይ እየተመላለሰች ታነበንባለች፤ ሳንቃው እግሯ ስር ሲጥ ሲጥ ይላል። «ፎቶሲንተሲስ፣ ፎቶሲንተሲስ» ትላለች፤ እኔ የግዕዝ ጸሎት መስሎኝ ከኋላዋ ሆኜ አማትባለሁ። ሠርጉን አልፈልግም ብላ ለአባቴ በአፏ አልተናገረችም። የተናገረችው ለእትዬ ነው፤ ያውም በማልቀስ። እትዬም ከአባቴ ጋር ተጣላች።

«ቃል ሰጥቻለሁ እቴቴ። ትምህርቷን እዚያው ትቀጥላለች ብለውኛል» ይላል አባቴ።

«የትኛዋ ሙሽራ ናት ከጫጉላ ተነስታ ፈተና የተቀመጠች? ስም ጥራልኝ!»

«የሰው ፊት አታስመቺኝ።»

በዚሁ ያበቃል። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቃሌ ታጠፈ ከሚባል ግን እጁ ቢቆረጥ ይመርጣል። ነገሩ እንግዲህ ይሄ ነው፤ ሠርጉ ሁዳዴ ሳይገባ ከሆነ ስንዱ ትሄዳለች፣ ፈተናው ይቀራል። ሁዳዴ ከገባ ደግሞ እስከ ፋሲካ ማንም አይዳርም፤ ከፋሲካ ወዲያ ፈተናው ደጅ ላይ ነው፤ ያኔ አባቴን መለመን ይቻላል። እትዬ የሚያስፈልጋት ጊዜ ነበር። ጊዜ ደግሞ አባቴም አያ ሙላትም የሚሰጧት አልሆነም።

ለሠርጉ ዝግጅት ሊነጋገሩ አያ ሙላት ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሲመጡ፣ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ጠላ ቀረበላቸው። ትንሽ ቆይቶ ከላይ አንድ ነገር ጠብ አለና የአያ ሙላት ጋቢ ላይ አረፈ። ቀና ብለው አዩ።

«ምንድን ነው ይሄ ቆሻሻ? ለሠርግ ቤት?» አሉና ጎጆዋን ሊገፉ ከዘራቸውን አነሡ። ርግቧ ተርገፍግፋ ወጣች። ሁለት ነጫጭ እንቁላሎች ታዩ።

«ተዉ! አያ ሙላት፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ!» አለች እትዬ፣ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ ልትጥለው ምንም አልቀራት።

«ምነው?»

«ወፍ ጎጆ ሳትወጣ ከዚያ ቤት ሙሽራ ይወጣል እንዴ? ነውር አይደለም? እንዲህ ያለውን እኔ ለእርስዎ ልንገርዎት?»

ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እውነቷን ነው። እኛም ዘንድ አለ» አሉ። ሁለተኛው ላለመበለጥ፣ «አለ ብቻ! አያቴ በዚሁ ነገር አንድ ሠርግ አስቁመዋል» አሉ። አያ ሙላት ከዘራቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። «መች ጠፋኝ? እኔም ልለው ነበር» አሉ።

አባቴ እትዬን አያት። እትዬ ማዶ ተራራውን ታያለች። አባቴ ራሱን አከከ። እንዲህ ያለ ወግ ሰምቶ አያውቅም፤ ግን ሦስት ሽማግሌ የሚያውቀውን እኔ አላውቅም እንዴት ይበል? በእኛ አገር አላውቅም ማለት ይከብዳል፤ ወግ አላውቅም ማለት ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። ስንዱ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተችው። እኔ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር።

ሠርጉ ወፏ ጎጆ እስክትወጣ ቆየ። እኔም በማግስቱ ሥራ ተሰጠኝ። እትዬ አንድ ረጅም ሸምበቆ አስያዘችኝና፣ «ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ይሄን ጎጆ ትጠብቂያለሽ። ቁራ ከመጣ አባሪ። እነዚህ እንቁላሎች ከጠፉ ስንዱ ነገውኑ ሄደች ማለት ነው፤ ገባሽ?» አለችኝ።

ገባኝ። ወፎቹ ካልዘለሉ ስንዱ አትዘልም። መጠበቁ ግን እኔን ነው የጨረሰኝ። ጎጆ ጥበቃ ማለት ቁጭ ብሎ ማየት ነው፤ እኔ ደግሞ የማልችለው እሱን ነው። ሸምበቆዬን እንደ ዘበኛ ትከሻዬ ላይ አድርጌ እዞራለሁ፣ ደረጃ እወርዳለሁ፣ ሰጋቱራ ውስጥ እንከባለላለሁ፣ «ቁራው!» ብዬ ተመልሼ እሮጣለሁ። ርግቧ ለእኔ ግድ የላትም። በአንድ ዓይኗ እያየችኝ ኩርርር ትላለች። እንዴት ሰው፣ ይቅርታ፣ እንዴት ወፍ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ይተኛል? ያናድደኝ ነበር።

ከተፈለፈሉ በኋላማ ባሰብኝ። ቢጫ ፀጉር ብቻ፣ ዓይናቸው ያልተከፈተ፣ አስቀያሚዎች! አንድ ቀን በርጩማ ላይ ወጥቼ ስመለከት የአንደኛው ጫጩት ራስ እናቱ አፍ ውስጥ ገብቶ እስከ አንገቱ ጠፍቷል። እየዋጠችው ነው!

«በላችው! እትዬ፣ ልጇን በላችው!»

ቤቱ ሁሉ ተጠራርቶ መጣ። አባቴ መጋዙን እንደያዘ፣ ስንዱ ሊጥ የነካው እጇን እያራገፈች። እትዬ ቀና ብላ ስታይ ቆየችና በሳቅ ፈረሰች።

«ማጉረስ ነው የኔ ሞኝ! ከጉሮሮዋ እያወጣች ነው የምታጎርሰው። አብሽሪ፣ እናት ልጇን አትበላም።» ከዚያ ሳቋን አቋረጠችና አባቴን አየችው። «አባትም እንደዚያው ቢሆን ጥሩ ነበር።» አባቴ ወደ ሥራው ወረደ። ከሰዓቱን ሙሉ የመጋዙን ድምፅ አልሰማነውም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ በረንዳው ላይ ላባ ተበትኗል፤ ቁራው መደገፊያው ላይ ቆሞ ወፍራም አፉን ይጠርጋል። ሸምበቆዬን እስካነሳ እያላገጠ ሄደ። ጎጆው ውስጥ አንድ ብቻ ቀርቷል። እትዬ ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ «ወይኔ፣ በአንድ ቀረን» አለች። እኔ ቁራውን የማውቀውን ስድብ ሁሉ ሰደብኩት። ካህን ሲያልፉ ሰምተው ኖሮ «አንቺ ልጅ!» ብለው ተቆጡኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ነው ስንዱን የጠየቅኳት። መደገፊያውን ተደግፋ ታነባለች፤ እኔ ቀሚሷን ይዣለሁ።

«ስንዱዬ፣ ስትዘዪ ያምሽ ይሆን?»

«ከየት ነው የምዘለው?»

«ከዚህ ነዋ። ጎጆ ስትወጪ።»

ደብተሯን አስቀመጠች። ወደታች ቁልቁሉን አየች፤ እኔን አየች፤ ቀሚሷን የጨመደዱትን ጣቶቼን አየች። ሳቀች፤ ሳቋ ግን አላዘለቃትም፤ እቅፍ አድርጋኝ ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። «አዎ፣ ያመኛል ትርንጎ» አለችኝ። በስሜ ስትጠራኝ ጊዜ ነገሩ ከባድ መሆኑን አወቅሁ።

ሰሞኑ ቅበላ ሆነ። ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ያ አስቀያሚ ጫጩት አምሮበት፣ ላባ አብቅሎ፣ መደገፊያው ላይ ወጥቶ ክንፉን ማራገብ ጀመረ። እኔ ከስር ቆሜ «ግባ! ግባ ወደ ቤትህ! ምን አለብህ? ብርድ ነው ውጪው!» እያልኩ እለምነዋለሁ። ከጎጆው ፊት ጤፍ በትኜለታለሁ። አልቀመስም አለ። የቤቱ ሰው ሁሉ እንደ እኔ ቅብጥብጥ ሆነ፤ ስንዱ መቀመጥ አቃታት፣ አባቴ ያልታዘዘ በርጩማ ሠርቶ ሠርቶ ጨረሰ፣ እትዬ በየደቂቃው እየወጣች አንጋጣ ትመለሳለች።

የቅበላ ቅዳሜ ከሰዓት አያ ሙላት በበቅሎ መጡ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም አሉ። የንስሐ አባታችንም ተጠርተው ነበር። ጫጩቱ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ በትክክል በዚያች ሰዓት መደገፊያው ላይ ጉብ ብሏል።

«ይኸው ወጣ!» አሉ አያ ሙላት። «ነገ ሠርግ፣ ከነገ ወዲያ ጾም። ጠላው ደርሷል፣ በሬው ታስሯል። ሙሽራዬን ስጡኝ።»

«በረንዳ ወጣ እንጂ መች ጎጆ ወጣ?» አለች እትዬ። «አሁን ተመልሶ ይገባል። እናቱ ገና ታጎርሰዋለች።»

«ተመልሶ ቢገባ መልስ ነው! ሙሽራስ መልስ ትመጣ የለ? ወላጆቿ ቤት መጥታ ብትበላ አልተዳረችም ይባላል?»

ሽማግሌዎቹ «ድንቅ!» አሉ። እትዬ ግን ዓይኗን አላርገበገበችም።

«መልስ የሚጠራው የራሱ ቤት ያለው ነው፣ አያ ሙላት። የዚህ ቤቱ የታል? ያሳዩኝና ልቀበል።»

ክርክሩ ጦፈ። በመጨረሻ የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ዝም አሰኟቸው። «የፍጡር ቤቱ የሚያድርበት ነው» አሉ። «ፀሐይ እስክትገባ እንጠብቅ። እዚህ ካደረ አልወጣም፤ ሌላ ቦታ ካደረ ወጥቷል። ሁላችሁም ትስማማላችሁ?» ተስማሙ። እትዬም ተስማማች፤ ምን ምርጫ አላት?

እንግዲህ ያን ሁሉ ትልልቅ ሰው አስቡት፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው አንድ ጫጩት ወፍ ሲጠብቁ። እኔ ደረጃውን ስንቴ ወርጄ እንደወጣሁ አላውቅም። «ቁጭ በይ፣ ታስበረግጊዋለሽ!» ይሉኛል፤ ቁጭ እላለሁ፤ ተነሥቼ እገኛለሁ። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ጫጩቱ አንዴ ተንገዳገደና ተነሣ። የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ አረፈ። እንደገና ተነሣ። የገደሉ ርግቦች በመንጋ ሲያልፉ ገባባቸውና ከእነሱ መለየት አቃተን። ፀሐይዋ ገባች። አልተመለሰም።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አያ ሙላት ተነሥተው። «ወጣ።»

አባቴ መሬት መሬት ያያል። ስንዱ በሩ ላይ ቆማ ደብተሯን ከደነችው። እኔ ያን ሳይ ማበዴ ነው፤ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ በርጩማውን አንሥቼ ወጣሁበት። እናትየው ርግብ መቼ እንደገባች ማንም አላየም፤ ጎጆው ላይ ተኝታለች።

«እናትየዋ ገብታለች!» ብዬ ጮህኩ።

«የእናትየዋ ምን አገባን? ነገራችን ከልጁ ነው» አሉ አያ ሙላት።

ጩኸቴ አስደንብሯት ከፍ ስትል ከስሯ ነጭ ነገር አየሁ። በጣቴ አሳየሁ። የንስሐ አባታችን ረጅም ናቸው፤ ቀና ብለው አዩ።

«እንቁላል ነው» አሉ። «አዲስ።»

እትዬ አፏን በእጇ ያዘች። እሷ ራሷ ደነገጠች፤ አይቻታለሁ። አማተበች፤ ደግማ አማተበች። ሽማግሌዎቹም ተከትለዋት አማተቡ። አያ ሙላት ብዙ ጊዜ ጎጆውን ሲያዩ ቆዩ።

«እንግዲህ ክፍላችን አይደለችም» አሉ በመጨረሻ። «እግዜር ሁለቴ ተናገረ፤ ሦስተኛ አልጠብቅም።»

«አያ ሙላት፣ እኔ ቃሌን...» አለ አባቴ።

«አንተ ቃልህን አላጠፍክም። ያጠፈችው ወፍ ናት፤ ወፍ ደግሞ አይከሰስም። ልጄም ሚስት አያጣ፤ ከፋሲካ ወዲያ ሌላ በር እናንኳኳለን።» በቅሏቸው ላይ ወጥተው ሄዱ። ያንኳኩት ሌላ በር የማን እንደሆነ አላውቅም። እዚያ ቤት ላይ ወፍ ይኑር አይኑርም አላውቅም።

ስንዱ ግንቦት ላይ ተፈተነች። እርሳሷን አባቴ በአናጢ ቢላው ቀረጸላት፤ ሾሎ ሾሎ መርፌ ሊሆን ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን እዚህ አላወራም። ወደዚያ ምሽት ልመለስ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ እትዬ በረንዳው ላይ ብቻዋን ቀረች፤ የጠላ ብርጭቆዎቹን እንኳ አልሰበሰበችም። አባቴ የሠራው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ገደሉን ታያለች። እኔ ዙሪያዋን እዞራለሁ፤ ደስታው መቆሚያ አሳጥቶኛል።

«እትዬ፣ ይሄን ወግ ማን ነገረሽ? አያታችን ናት?»

«ማንም።»

«ታዲያ ከየት አመጣሽው?»

«ከአፌ።»

«ውሸት ነው ማለት ነው?»

ከላይ ርግቧ ኩርርር ትላለች። እትዬ፣ ለእኔ ይሁን ለገደሉ ሳይታወቅ፣

«እኔን ሲድሩኝ ቤታችን ላይ አንዲት ወፍ አልነበረችም» አለች።

«ያኔ ምን ያህል ነበርሽ?»

እጇን ከሳንቃው ወደ ላይ ከፍ አድርጋ፣ «ይቺን አክል ነበር» ብላ ለካችልኝ። መዳፏ አናቴ ላይ አረፈ።

ቁጭ አልኩ። የእትዬ ባል ለካ ግዙፍ ሰው አልነበረም።